የኤሌክትሪክ መኪና በሰሚት፦ የኃይል መሙያው ጉዳይ ከግዥው ይቀድማል

አዲስ አበባ፦ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር በከፍተኛ ፍጥነት አድጓል። የኃይል መሙያ አገልግሎቱ ግን በዚያው ልክ አልተስፋፋም። በመሆኑም የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ግለሰብም ሆነ መሥሪያ ቤት በቅድሚያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ መኪናው ማታ የሚያድርበት ቦታ ኃይል ሊያገኝ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። በምሥራቃዊ አዲስ አበባ የሚገኘው የሰሚት አካባቢ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ጥሩ ማሳያ ነው።

በሰሚት የግቢ አጥር ያላቸው መኖሪያ ቤቶች፣ የሪል እስቴት ሕንጻዎችና ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተጎራብተው ይገኛሉ። ነዋሪው በአብዛኛው ለሥራ ወደ መሀል ከተማ በየዕለቱ ይመላለሳል። ከአካባቢው በቅርብ ርቀት በሲኤምሲ በኩል ወደ አያት የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመርም በ2008 ዓ.ም አገልግሎት በመጀመሩ በኤሌክትሪክ ኃይል መጓጓዝ ለምሥራቁ የከተማዋ ነዋሪ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ጉዳይ ኤሌክትሪኩ ከባቡር ሐዲድ ወደ መኖሪያ ቤት ደጃፍ መምጣቱ ነው።

ከፖሊሲ እስከ ገበያ

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በሀገሪቱ በስፋት እንዲገባ መንገድ የከፈተው ዋነኛው እርምጃ በ2014 ዓ.ም የገንዘብ ሚኒስቴር ያሳለፈው የታክስ ማበረታቻ ነው። በውሳኔው መሠረት ሙሉ በሙሉ ተነጣጥለው ገብተው በሀገር ውስጥ የሚገጣጠሙ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሲደረጉ፣ በከፊል ተገጣጥመው የሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው የሚገቡት ደግሞ 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍሉ ተወስኗል። ከዚህም በተጨማሪ ከኤክሳይዝ ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ እንዲሆኑ ተደርጎ ነበር። የታክስ መመሪያዎች በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ግዥ የሚፈጽም አካል በግዥው ወቅት በሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ከዚህ ቀደም ብሎም ጥረት ነበር። ማራቶን ሞተር ኢንጂነሪንግ በ2012 ዓ.ም ሒዩንዳይ አዮኒክ የተሰኘውን የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በሀገር ውስጥ ገጣጥሞ ለዕይታ አብቅቷል። የትራንስፖርት ዘርፉ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድም እስከ 2022 ዓ.ም 148 ሺህ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎችና 4 ሺህ 800 የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች እንዲገቡ ግብ ጥሎ ነበር። ጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንደማይገቡ ይፋ ካደረገ በኋላ ዕድገቱ ከዕቅዱ በላይ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም በወጡ የሚኒስቴሩ መረጃዎች መሠረት ወደ ሀገሪቱ የገቡት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺህ በላይ ደርሰዋል።

የውሳኔው መነሻ ግልጽ ነው። ሀገሪቱ ነዳጅ የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን ለዚሁ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች። በአንጻሩ ኤሌክትሪክ የሚመነጨው በአብዛኛው ከሀገር ውስጥ የውኃ ኃይል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ኃይሉ ይበቃልን?

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስጋት የተሽከርካሪዎቹ ብዛት የሀገሪቱን የኃይል አቅርቦት ይፈትናል የሚል ነው። ቀላል ስሌት ግን ሌላ መልስ ይሰጣል። አንድ አውቶሞቢል በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢጓዝና ለእያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀም ዓመታዊ ፍጆታው 2 ሺህ 700 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አንድ መቶ ሺህ አውቶሞቢሎች ሲታሰቡ ደግሞ 270 ጊጋ ዋት ሰዓት ይደርሳል። የሕዳሴው ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ኃይል ከ15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ በመሆኑ የመኪናዎቹ ድርሻ ከዚህ ከ2 በመቶ በታች ነው።

ስለሆነም ችግሩ የሚገኘው በማመንጫው ሳይሆን በመጨረሻው ምዕራፍ፣ ማለትም በሰፈር ትራንስፎርመሮች፣ በማከፋፈያ መስመሮችና በሕንጻዎች የውስጥ ዝርጋታ ላይ ነው። በአንድ የመኖሪያ መንደር 100 የኤሌክትሪክ መኪናዎች አሉ ቢባልና ሁሉም ባለቤቶች ከሥራ ሲመለሱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ላይ ቢሰኩ በአንድ ጊዜ 700 ኪሎ ዋት ይጠይቃሉ። ይህ ምጣድና ምድጃ በሚበራበት ሰዓት ሲደመር የመንደሩን ትራንስፎርመር ከአቅም በላይ ሊያደርሰው ይችላል። እነዚያው 100 መኪናዎች የዕለት ፍጆታቸው የሆነውን እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሌሊቱን በ8 ሰዓት ውስጥ ተከፋፍለው ቢሞሉ ግን የሚያስፈልገው ኃይል በአማካይ 100 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። የመኪናው ቁጥርም ሆነ ፍጆታው ያው ሆኖ በሰዓት አጠቃቀም ብቻ ጭነቱ በሰባት እጥፍ ይለያያል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለነዋሪውም ለአገልግሎት ሰጪውም ተመሳሳይ ነው። አብዛኞቹ መኪናዎች ኃይል መሙላት የሚጀምሩበትን ሰዓት አስቀድሞ የሚወስን መቆጣጠሪያ አላቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ማድረግ ለባለቤቱ ምንም ወጪ ሳያስከትል የሰፈሩን መስመር ከመቆራረጥ ይታደጋል።

ዘገምተኛና ፈጣን ኃይል መሙያ

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ኃይል የሚያከማቸው በቀጥተኛ ጅረት ወይም በተለምዶ ዲሲ በሚባለው ነው። በቤት ሶኬት የሚመጣው ግን ተለዋዋጭ ጅረት ወይም ኤሲ ነው። ባለቤቱ በቤቱ ሲሰካ ለውጡን የሚያከናውነው በመኪናው ውስጥ የተገጠመ መለወጫ ሲሆን አቅሙ ውስን በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል። በፈጣን ጣቢያዎች ደግሞ ለውጡ የሚከናወነው በጣቢያው ትልቅ መሣሪያ በመሆኑ ኃይሉ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይገባል።

ልዩነቱን በአኃዝ ለማየት 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለውን መኪና መውሰድ ይቻላል። ባትሪውን ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በተራ የቤት ሶኬት ከ2 ኪሎ ዋት ትንሽ ከፍ በሚል ኃይል ሲሞላ 16 ሰዓት ያህል፣ በባለ 7 ኪሎ ዋት የግድግዳ ቻርጀር ከ5 ሰዓት ትንሽ በላይ፣ በባለ 60 ኪሎ ዋት ፈጣን ጣቢያ ደግሞ 40 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከ80 በመቶ በላይ ያለው ሙሌት በፈጣን ጣቢያም ቢሆን እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ወረፋ ባለበት ጣቢያ 100 በመቶ እስኪሞላ መቆየት የራስንም የሌላውንም ጊዜ ማባከን ነው።

ሆኖም ከሰሚት ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሠራተኛ በየዕለቱ ባትሪውን ከባዶ መሙላት አይጠበቅበትም። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ መኪና የሚባክነውን ጨምሮ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ይህን በተራ ሶኬት እንኳ በ4 ሰዓት ገደማ መሙላት ይቻላል። ስለዚህ በግቢው ውስጥ መኪናውን የሚያሳድር ነዋሪ የፈጣን ጣቢያ ጥገኛ አይደለም። ፈጣን ጣቢያ የሚያስፈልገው በዋነኛነት በማደሪያው ቦታ ኃይል ለማያገኝ ነዋሪ፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲና ለረጅም ርቀት ተጓዥ ነው።

በቤት ለሚሞላም ቢሆን ጥንቃቄው ሊታለፍ አይገባም። የኤሌክትሪክ መኪና ለብዙ ሰዓታት ሳያቋርጥ ከፍተኛ ጅረት ስለሚስብ በማራዘሚያ ገመድ ወይም ባረጀ ሶኬት መጠቀም ገመዱን አግሎ ለእሳት አደጋ ይዳርጋል። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 32 አምፔር ስለሚስብ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚነሳ በቂ ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ዝርጋታው ብቃቱ በተረጋገጠ ባለሙያ መሠራት ያለበት ሲሆን የቆጣሪው አቅም የማይበቃ ከሆነም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የኃይል ማሳደጊያ ጥያቄ ማቅረብ ያስፈልጋል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ጥያቄ

በሰሚት ዋናው ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የግቢ ቤት ያለው ነዋሪ ሶኬቱ ከመኪናው አጠገብ ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ግን ቤቱ 4ኛ ፎቅ ላይ፣ መኪናው ደግሞ በሕንጻዎቹ መካከል ባለው የጋራ ቦታ ላይ ያድራል። ከመስኮት ገመድ ማውረድ አደገኛ ከመሆኑም በላይ የጎረቤትን መብት ይነካል። መንግሥት በቁጠባ ቤት እንዲያገኝ ያደረገው መካከለኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ፣ በርካሽ ዋጋ በቤት ኃይል ከመሙላት ዕድል ውጪ ሆኖ በየጊዜው ወደ ሕዝብ ጣቢያ እንዲሄድ የሚገደደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩ ቴክኒካዊ ብቻ ሳይሆን ሕጋዊም ነው። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 በግል የተያዘውን ቤት ከጋራ መጠቀሚያው ለይቶ ያስቀመጠ ሲሆን፣ የጋራ መጠቀሚያው የሁሉም ባለቤቶች ሀብት ሆኖ በማኅበራቸው አማካይነት እንዲተዳደር መሠረት ጥሏል። የመኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ቻርጀር መትከል የጋራ ቦታን መያዝ በመሆኑ አንድ ነዋሪ በግሉ የሚወስነው አይሆንም፤ በማኅበሩ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ የተያዘ መሆን አለበት።

ለማኅበራት አዋጭ የሚሆነው መንገድ እያንዳንዱ ባለመኪና የየራሱን መስመር ከመዘርጋት ይልቅ ጥቂት የጋራ ቻርጀሮችን በራሱ ቆጣሪ መትከል ነው። ለምሳሌ ሦስት ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀሮች በአንድ ላይ 21 ኪሎ ዋት ብቻ የሚጠይቁ ሲሆን ይህም በአንድ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር የሚሸፈን ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ባትሪው 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ በየ5 ቀኑ አንድ ሌሊት 6 ሰዓት ያህል ቢሞላ ይበቃዋል። በዚህ ስሌት ሦስቱ ቻርጀሮች በተራ 15 መኪናዎችን ያስተናግዳሉ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የሞላው መጠን በንዑስ ቆጣሪ ከተመዘገበ መኪና የሌለው ጎረቤት የሌላውን ሂሳብ እንዳይከፍል ማድረግም ይቻላል። በባትሪ አነስ ያሉ መኪናዎች ተራው መቀራረብ ስለሚኖርበት ማኅበሩ መርሐ ግብሩን ከመኪናዎቹ ዓይነት ጋር ማጣጣም ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ የኖርዌይ ተሞክሮ ተጠቃሽ ነው። እ.ኤ.አ በ2024 በኖርዌይ ከተሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ወደ 89 በመቶ የሚጠጉት ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ነበሩ። ሀገሪቱ ከታክስ ማበረታቻው ጎን ለጎን የጋራ ሕንጻ ነዋሪዎች ቻርጀር እንዲተከልላቸው የመጠየቅ መብት በሕግ የሰጠች ሲሆን፣ የነዋሪዎች ማኅበር ጥያቄውን ውድቅ ማድረግ የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ አካላት ተመሳሳይ አሠራር ቢያጤኑ ብዙ ክርክር ከወዲሁ ሊቀር ይችላል።

የሕዝብ ኃይል መሙያ ጣቢያዎች

በከተማዋ የሕዝብ ጣቢያዎች መከፈት ጀምረዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ በአዲስ አበባ ሥራ ያስጀመረ ሲሆን ክፍያውም በቴሌብር የሚፈጸም ነው። በግል ባለሀብቶች የተከፈቱ ጣቢያዎችም በተለያዩ የከተማዋ ክፍሎች አገልግሎት ይሰጣሉ። የዘርፉን ቁጥጥር በተመለከተ ኃላፊነቱ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው።

የጣቢያ ግንባታ እንደ ቤት ቻርጀር ቀላል አይደለም። እያንዳንዳቸው 120 ኪሎ ዋት የሚሰጡ አራት መሣሪያዎች ያሉት ጣቢያ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 480 ኪሎ ዋት ይስባል። ይህ ከሰፈር መስመር ሊወሰድ የማይችል በመሆኑ ከመካከለኛ ቮልቴጅ መስመር የሚነሳ የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። መሣሪያው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ መኪናዎቹ ተሰልፈው የሚቆሙበት ሰፊ ቦታም ያሻል። ባለሀብቱ መሬት፣ ኃይልና መሣሪያን በአንድ ጊዜ ማግኘት ስላለበት ከሦስቱ አንዱ ሲዘገይ ሁሉም ይቆማል። የመሬት፣ የኃይልና የፈቃድ ጥያቄዎች በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የሚስተናገዱ በመሆናቸው የተቀናጀ አሠራር የሚኖረው ጠቀሜታ ከፍተኛ ነው።

ሌላው ብዙ ገዥዎች ዘግይተው የሚያውቁት ጉዳይ የመሰኪያ ዓይነት ነው። ለቻይና የሀገር ውስጥ ገበያ የተመረቱ መኪናዎች ጂቢቲ የተባለውን መሰኪያ ሲጠቀሙ፣ ለአውሮፓና ለሌሎች ገበያዎች የተመረቱት ደግሞ በአብዛኛው ሲሲኤስ ሁለት የተባለውን ይጠቀማሉ። በአዲስ አበባ ሁለቱም ዓይነት መኪናዎች ይሽከረከራሉ። አንድ ዓይነት መሰኪያ ብቻ ያለው ጣቢያ የሌላውን ባለቤት አያስተናግድም። ገዥው ከመግዛቱ በፊት በሚኖርበትና በሚሠራበት አካባቢ ያሉ ጣቢያዎች ከመኪናው መሰኪያ ጋር የሚጣጣሙ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባዋል።

ወጪው ሲነጻጸር

በ2017 ዓ.ም አጋማሽ የአንድ ሊትር ቤንዚን የችርቻሮ ዋጋ በአዲስ አበባ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በወር 26 ቀናት በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝና በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የቤንዚን መኪና በወር 104 ሊትር ይጠቀማል፤ ይህም ከ10 ሺህ 400 ብር በላይ ነው። ተመሳሳይ ርቀት የሚጓዝ የኤሌክትሪክ መኪና 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ለስሌት ያህል የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ 10 ብር ነው ቢባል እንኳ ወጪው 2 ሺህ ብር አካባቢ ይሆናል።

ይሁንና ሁለት ነገሮችን ማጤን ያሻል። አንደኛ፣ የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ በመሆኑ ከመኪናው በፊት 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠቀም የነበረ ቤተሰብ ፍጆታው በእጥፍ አድጎ ዋጋው ከፍ ወዳለ እርከን ይሸጋገራል። ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም ጀምሮ በአራት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲስተካከል ተወስኗል። ሁለተኛ፣ የመኪናው የመግዣ ዋጋ ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ አምራቾች ለባትሪ የ8 ዓመት ዋስትና የሚሰጡ ቢሆንም ዋስትናው ለሌላ ሀገር ገበያ ተመርቶ በነጋዴ በኩል ለገባ መኪና እዚህ ላይሠራ ስለሚችል በጽሑፍ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

መሥሪያ ቤቶችና የመስክ ሥራ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከግለሰብ የተሻለ ዕድል አላቸው። ተሽከርካሪዎቻቸው ማታ በአንድ ግቢ ያድራሉ፤ የቢሮዎቹ የኤሌክትሪክ ጭነትም ሌሊት ዝቅተኛ ነው። በቀን 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዙ 10 አውቶሞቢሎች በአንድ ላይ 120 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የሚፈልጉ ሲሆን ይህን በ12 ሰዓት ለመሙላት በአማካይ 10 ኪሎ ዋት ይበቃል። የነዳጅ ኩፖን ቁጥጥር ግን በሌላ መተካት አለበት። ቻርጀሮቹ መመዝገቢያ ቆጣሪ ከሌላቸው የየመኪናው ፍጆታ ከሕንጻው የመብራት ሂሳብ ጋር ተቀላቅሎ ተጠያቂነት ይጠፋል። በመሆኑም በግዥ ሰነድ ላይ የመሰኪያው ዓይነት፣ የባትሪው ዋስትና፣ የመለዋወጫና የጥገና አቅርቦት፣ እንዲሁም ቻርጀርና ዝርጋታ ከመኪናው ጋር በአንድ ላይ መጠየቅ ይኖርባቸዋል። መኪናው ቀርቦ መስመሩ ሳይዘረጋ ሲቀር ንብረቱ ያለ ሥራ ይቆማል።

የመስክ ሥራን በተመለከተ ርቀቱን ብቻ ሳይሆን የመሬቱን አቀማመጥም ማስላት ያስፈልጋል። ከሰሚት በጎሮና በቱሉ ዲምቱ በኩል በፈጣኑ መንገድ እስከ አዳማ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አዳማ ከአዲስ አበባ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ትገኛለች። መኪናው ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሲመለስ ግን ሽቅቡን ለመውጣት ብቻ ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። የደርሶ መልሱ ፍጆታ በድምሩ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ስለሚሆን ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት መኪና ሞልቶ ከወጣ ሳይቸገር ይመለሳል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው ሐዋሳ ለሚደረግ ጉዞ ግን የመሄጃው ብቻ የባትሪውን አብዛኛውን ክፍል ስለሚጨርስ በመንገድ ላይ ኃይል መሙያ መኖሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

የደጋው ከፍታ በራሱ ለኤሌክትሪክ መኪና እንቅፋት አይደለም። የነዳጅ ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለቃጠሎ አየር ስለማይፈልግ ይህ ችግር አይገጥመውም።

ባጠቃላይ ሲታይ ሀገሪቱ መኪናውን ለማስገባት የወሰደችው እርምጃ ውጤት አሳይቷል፤ ኃይሉም ከሀገር ውስጥ ወንዞች ይገኛል። የቀረው ሥራ ከትራንስፎርመሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለው አጭር ርቀት ነው። ይህን ርቀት ለመሸፈን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሰፈር መስመሮችን ጭነት አስቀድሞ ማጥናት፣ የከተማ አስተዳደሩ በአዳዲስ የጋራ ሕንጻዎች ዲዛይን ውስጥ የቻርጀር መስመር እንዲካተት ማድረግ፣ የነዋሪዎች ማኅበራትም በጋራ ቦታቸው ላይ በጊዜ መወሰን ይጠበቅባቸዋል። በሰሚት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሠራተኛ ከግቢ ቤት ነዋሪው እኩል ሌሊቱን ኃይል ሞልቶ ጠዋት ወደ ሥራው መሄድ ሲችል የፖሊሲው ጥቅም ለሁሉም ደረሰ ማለት ይቻላል።